ሽማግሌ የተላከበት ባንክ

(ካዛንቺስ፣ የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ በር ላይ። ሊካሳ ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ያለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ዛሬ ግን ሙሉ ሱፍ ለብሷል። ጓደኛው ልዑልቃል የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ መታወቂያውን በሹራቡ ላይ አንጠልጥሎ ይስቅበታል።)

ልዑልቃል፦ ኮቱን አውልቅ አልኩህ! ባንክ ነው እንጂ ሠርግ ቤት አይደለም።

ሊካሳ፦ ሽማግሌ ልኬ በቱታ ልቁም?

ልዑልቃል፦ ምን ልከህ?

ሊካሳ፦ ሽማግሌ። ሦስት ናቸው፣ ገብተዋል። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ገብረዋህድ ራሳቸው አሉበት። ጥበቃው እንኳ «ሙሽራው አንተ ነህ?» አለኝ።

ልዑልቃል፦ (ሆዱን ይዞ) ወይኔ! ማንን ልታገባ ነው፣ ሥራ አስኪያጇን?

ሊካሳ፦ ሚስቴን ሀዊን የት ጥዬ? ቅጣቴን እንዲያነሱልኝ ነው። በክሬዲት ካርዱ ባትሪ ገዛሁበት፤ መክፈያው ቀን አለፈኝ፤ አምስት መቶ ብር ጣሉብኝ። ሀዊ ደግሞ «ካርድ የሚባል ቤቴ አይገባም» ስትል «ምንም አይበላም» ብዬ ምዬ ተገዝቼ ነው ያስገባሁት። ዛሬ ካልተነሳልኝ መቀሷን ታወጣለች። መጀመሪያ ካርዱን፣ ቀጥላ እኔን።

ልዑልቃል፦ ስማ፣ በቃ፣ ላስረዳህ። የሚበላህ በሁለት በኩል ነው። አንዱ ቀኑ ስላለፈ ብቻ የሚጣል፣ ቁርጥ ያለ ቅጣት። ሌላው ወለድ፤ ቀሪው ዕዳ ላይ በየቀኑ ይቆጠራል።

ሊካሳ፦ ስተኛም?

ልዑልቃል፦ ስትተኛም!

ሊካሳ፦ እሁድም?

ልዑልቃል፦ እሁድም፣ ፋሲካም!

ሊካሳ፦ አቤት ትጋት! እንደሱ ያለ ሠራተኛ ጋራዥ ቢኖረኝ የት በደረስኩ።

ልዑልቃል፦ ለመገመት ቀላል ነው። የአንድ ቀኑን ወለድ በዘገየህበት ቀን ታባዛለህ፣ ቁርጡን ትደምርበታለህ። ቢያንስ ዝቅተኛዋን ክፍያ በቀኗ ብትጥል ኖሮ ቁርጡ አይነካህም ነበር። ቅጣቱን ግን የሚጥለው ኮምፒውተር ነው፣ ገባህ? ኮምፒውተር ጉልበት የለውም፤ ሽማግሌዎችህ ምኑን ይስሙ?

ሊካሳ፦ እድራችንም እኮ ይቀጣል። ቀብር የቀረ ይቀጣል። ግን «አሞኝ ነው» ካለ ይሰማል።

ልዑልቃል፦ እድር ደግሞ! ሰፈሩ ፈርሶ ሁሉም የትም ተበትኖ!

ሊካሳ፦ ሰፈሩ ፈረሰ እንጂ እድሩ መቼ ፈረሰ? ጋሽ ገብረዋህድ ዛሬ ሦስት ታክሲ ቀያይረው ነው የመጡት።

ልዑልቃል፦ (በመስተዋቱ ወደ ውስጥ እያየ) ቆይ... ሰልፉ ለምንድነው የማይንቀሳቀሰው? እኔም ጉዳይ አለብኝ እኮ!

ሊካሳ፦ ሽማግሌዎቹ ናቸዋ። ወንበር ቢቀርብላቸው «የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው መስኮቱ ጋ ቆመዋል።

ልዑልቃል፦ ጉድ! ፖሊስ ሳይጠራባቸው አስወጣቸው!

(የሊካሳ ስልክ ይንጫጫል።)

ሊካሳ፦ ሉሌ፣ መነጽሬን ጋራዥ ረስቼዋለሁ፤ እስቲ አንብብልኝ።

ልዑልቃል፦ (ድምፁ እየሟሸሸ) «ውድ ደንበኛችን፣ የዘገየ ክፍያ ቅጣት ብር 500 ተመላሽ ተደርጎልዎታል...» እንዴት? «...የመክፈያ ቀንዎም ከ25 ወደ 5 ተዛውሯል።» ይኼ ደግሞ ይቻላል እንዴ?!

ሊካሳ፦ የጋሽ ገብረዋህድ ሐሳብ ነው። ደንበኞቼ የሚከፍሉኝ ወር ሲገባ ነው። «ላሟ ሳትወልድ ወተት ትጠይቁታላችሁ?» እላቸዋለሁ ብለው ነበር። (ይጨፍራል) ሀዊዬ፣ መቀስሽን መልሺ!

ልዑልቃል፦ (መልእክቱን ደግሞ እያነበበ) «ከ25 ወደ 5...»

ሊካሳ፦ ምን ደጋግመህ ታነባለህ? አንተ እንደሆነ ሁሉን ታውቃለህ፤ ተቀጥተህም አታውቅ።

ልዑልቃል፦ በየወሩ።

ሊካሳ፦ ምን በየወሩ?

ልዑልቃል፦ እቀጣለሁ። መክፈያዬ ሃያ አምስት ነው፣ ደሞዜ የሚገባው ሠላሳ። አሁንም ልከፍል ነው የመጣሁት። ግን ማለቴ... ግምቴ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም! በሳንቲም!

ሊካሳ፦ ይቅር በሉኝ ብለህስ ታውቃለህ?

ልዑልቃል፦ ማንን? ኮምፒውተሩን?

(ሽማግሌዎቹ ከውስጥ መውጣት ይጀምራሉ። ልዑልቃል የሊካሳን ክንድ ጭምድድ ያደርጋል።)

ልዑልቃል፦ ሊኬ፣ የእናቴ ልጅ... አንዴ ብቻ፣ ሳይበተኑ፣ መልሳቸው!

ሊካሳ፦ (ከላይ እስከ ታች እያየው) በዚህ ልብስ?

ልዑልቃል፦ ምን ይሁን ታዲያ?

ሊካሳ፦ (ኮቱን አውልቆ) በል አጥልቅ። ሽማግሌ ልኮ በሹራብ አይቆምም።

(ልዑልቃል ኮቱን ያጠልቃል፤ እጅጌው ክርኑ ላይ ይቀራል። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተመልሰው ይገባሉ።)

ጥበቃው፦ እንዴ! ሙሽራው ተቀየረ?