ባሌ ቬጋስ ላይ የጠፋ ዕለት

ሰው ቬኬሽን ሲሄድ ዓይኑን ቤቱ ትቶ መሄድ አለበት ባይ ነኝ። እግር ይሂድ፣ ሆድም ይሂድ፣ ዓይን ግን እዚያው ኦክላንድ መጋረጃው ሥር ይቀመጥ። የእኔ ዓይን እንደሁ ድሮም ዕረፍት አያውቅም። የምንኖረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ ደግሞ ፓርኪንጉ ላይ አፍጥጧል። እኔ ምን ላድርግ? መስኮቱን እዚያ ያስደረግኩት እኔ ነኝ? ማን አምሽቶ ገባ፣ የማን መኪና ተጋጨ፣ ማን አዲስ ሶፋ አስገባ፣ ሳልፈልገው ይታየኛል። ሐሜተኛ የሚሉኝ አሉ። ሐሜት ያላዩትን ማውራት ነው፤ እኔ የማወራው ያየሁትን ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ልጃችን ሳሮን ሳን ሆዜ ኦፊስ ውስጥ ትሠራለች። ለጋብቻ በዓላችሁ ቬጋስ ሆቴል ቡክ አድርጌላችኋለሁ፣ በአባባ ስም ነው፣ ብላ ደወለች። ባሌ ጌታሁን መጀመሪያ የቁማር አገር ሄጄ ምን ልሠራ ብሎ አኮረፈ። ኋላ እኛ የምንሄደው ለማየት እንጂ ለመጫወት አይደለም ተባባልንና፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች የምንሄድበትን በደንብ ሳንነግር ውልቅ አልን።

ከተማው መቼም ጉድ ነው! ቤት ውስጥ ወንዝ ይፈሳል፤ ጣሪያው ላይ ሰማይ ተስሏል፤ ቀኑ ይምሽ ይንጋ አታውቁም። ጌታሁን አፉን ከፍቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ እኔ ሰው ሰዉን አያለሁ።

ጌታሁን ስኳር አለበት። ጠዋት ኢንሱሊኑን ተወግቷል፤ ቁርሱን ግን ነካ ነካ አድርጎ ነው የተወው። ትንሽ ዞር ዞር ብለን እንበላለን አለ። ዳቦውም ጁሱም እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ስልኩ? ስልኩማ ክፍላችን ውስጥ ቻርጅ ላይ ነው። መቼም ቢሆን ቻርጅ ላይ ነው፤ የገዛነው ግድግዳው እንዲቀልበው ይመስለኛል።

ታዲያ ወንዙ ዳር ቆመን ሳለ ማንን ባይ ጥሩ ነው? የጎረቤታችንን የአልማዝን ባል! ያንን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ካሊፎርኒያ ዳብሊን ከተማ ኦቨርታይም አለብኝ እያለ የሚወጣውን! ያው ጀርባው፣ ያው በራው። ክንዱን ደግሞ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ይዛዋለች። እናንተ ብትሆኑ ዝም ትሉ ነበር? ለራሴ ብዬ እኮ አይደለም፣ ለአልማዝ ብዬ ነው። ጌታሁንን ያ የአልማዝ ባል ነው፣ እዚችው ቁም፣ መጣሁ አልኩትና ተከተልኳቸው። በቁማር ማሽኖቹ መሀል አለፍኩ፣ በሱቆቹ አለፍኩ፣ ደረጃ ወጣሁ። ሰውዬው ዞር ሲል ፊቱን አየሁት። የየት አገር ሰው እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ የአልማዝ ባል አይደለም። ባለመሆኑ ከፍቶኝ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ስመለስ ወንዙ አለ፣ ጌታሁን የለም።

ወንዙ ላይ ያለው ድልድይ ሁሉ ይመሳሰላል። አንዱን ተሻገርኩ፣ የለም፤ ሌላውን ተሻገርኩ፣ የለም። ስኳሩ ሲወርድ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ያልበዋል፣ ቀጥሎ ወሬው ይጠፋበታል፣ ከዚያ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። ቬጋስ ውስጥ ደግሞ የሚንገዳገድ ሰው ማን ዞር ብሎ ያያል? ወንድ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ቆሜ ጌታሁን! ጌታሁን! ብዬ ጮህኩ። የማላውቃቸው ሰዎች ወጡልኝ።

ክፍላችን ገብቶ ወድቆ ቢሆንስ? የበሩ ካርድ እሱ ኪስ ነው። ሪሴፕሽን ሮጥኩና ባሌ ታሟል፣ ክፈቱልኝ አልኩ። ጥፍሯ እንደ ማንኪያ የረዘመ ልጅ ላስት ኔሙን፣ የአባት ስም መሆኑ ነው፣ ጠየቀችኝ። ክፍሉ በጌታሁን ስም ነውና ወልዴ አልኳት። አይዲዬን አየችና ያንቺ እኮ ተሰማ ይላል አለችኝ። አዎ፣ ተሰማ አባቴ ነው። እኔ የጠየቅኩሽ ስለ ባልሽ ነው አለች። እኛ አገር ሴት ስታገባ አባቷን አትቀይርም ልላት ፈለግኩ፤ እንግሊዝኛዬ ግን ስደነግጥ ጥሎኝ ይሄዳል። ለሳሮን ኮል አደረግኩና ስፒከር ላይ አደረግኳት። ማሚ፣ ካልም ዳውን አለችኝ። ልጅቷ የሷንም ላስት ኔም ጠየቀቻት። ጌታሁን! አለች ሳሮን።

አሁን ገባችሁ? ወልዴ፣ ተሰማ፣ ጌታሁን! ዕድሜ ልካችንን አንድ ወጥ የበላን ሰዎች ወረቀት ላይ አንተዋወቅም። ልጅቷ እንደ ሌባ ቡድን ታየን ጀመር። ሴኩሪቲ ልኬ አስፈትሻለሁ፣ አንቺ ግን እዚሁ ጠብቂ አለች። ሄደው አዩ። ክፍሉ ባዶ ነው ተባለ። ቦርሳዬን አነሳሁና እንደገና ወደ ወንዙ ልሮጥ ዞር አልኩ።

ከባንኮኒው ወዲያኛው ጫፍ የማውቀው ሳል ሰማሁ። ጌታሁን ነው! ላቡ በሸሚዙ ወርዶ፣ በክርኑ ተደግፎ፣ ለአንዱ ወጣት ሚስቴ ጠፋችብኝ ይላል። ወጣቱ ኮምፒውተሩን እየነካካ ሚስዝ ወልዴ የምትባል ሴት የለችም ይለዋል። በሩጫ ደርሼ ጁሱን አፉ ላይ ደገንኩበት፤ ግማሹ አገጩ ላይ ፈሰሰ። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑ ጠራ፤ ድምፁም ተመለሰለት። አንቺ ሴትዮ፣ ለሰው ባል ብለሽ የራስሽን ባል ትጥያለሽ? ብሎ ጮኸብኝ። እንዲህ ሲጮህብኝ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ግን ዝም እላለሁ? ቁም ካልኩህ ቦታ ማን ተንቀሳቀስ አለህ? ፍየል ነህ? አልኩት። እሱም ጨመረ፣ እኔም ጨመርኩ፤ ሳሮንም ከስልኩ ውስጥ ጋይስ! ጋይስ! ትላለች። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ ያየናል።

ባለ ጥፍሯ ልጅ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። ከአማርኛው አንዲት ቃል አልገባትም። ግን ፈገግ ብላ፣ በሉ በቃ፣ ባልና ሚስት መሆናችሁን አምኛለሁ አለችና፣ ሌላ አይዲ ሳትጠይቅ ለእኔም የራሴን ካርድ አወጣችልኝ።