ከፈረሰኞቹ ኮቴ ሥር ያሉ ጎረቤቶቻችን

እግዚአብሔር ፍርዱን ለመጨረሻው ቀን ቢያቆየውም፣ በየሰፈሩ ቀድማው የምትፈርድ አንዲት ጎረቤት አትጠፋም። የኛ የኑርንበርጎቹ ክብርት ዳኛ እትዬ ኩኒጉንድ ይባላሉ።

የኔ ሥራ በእንጨት ማኅተም የታተሙ ሥዕሎችን ቀለም መቀባት ነው። ዓለም በመጪው ዓመት ታልቃለች ስለተባለ፣ ዘንድሮ ሕዝቡ የሚገዛው የዮሐንስ ራእይን አራት ፈረሰኞች ብቻ ነው፤ ገዝቶ በሣጥኑ ክዳን ውስጥ ይለጥፋቸዋል። ዓለም ካለቀች ሣጥኑ ምን እንደሚሆን አይጠይቅም።

እትዬ ኩኒጉንድ አይገዙም። ጧት ጧት እየመጡ፣ ፈረሶቹ የሚረግጧቸውን ሰዎች በጣታቸው እየነኩ ይፈርዳሉ።

«ይኸው ዳቦ ጋጋሪው ሊንሃርት! ቦርጩን አታይም? በፈረስ ተረግጦ እንኳ አልጎደለም!»

«እትዬ፣ ሰውዬው ደግ ነው እኮ።»

«ደግ? ዳቦው ነፋስ ብቻ! አንተም አለህበት ዮርግ፤ ይኸው፣ ባፍጢምህ ተደፍተህ።»

«እኔ ደሞ ምን አጠፋሁ?»

«በሰንበት ቀለም ስትበጠብጥ ያላየሁህ መሰለህ?»

አፋቸው እሬት ነው። ሰፈርተኛው ሁሉ የሚችላቸው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። አምና ወረርሽኙ አንድያ ልጃቸውን፣ ኡትስን፣ ወሰደባቸው። ቄሱ ፈርተው ቀሩ፤ ልጁ ሳይናዘዝ በሬሳ ጋሪ ወጣ። ሳይናዘዝ የሞተ የት እንደሚገባ በከተማችን ሕፃንም ያውቃል፤ ስለዚህ ስሙን በፊታቸው የሚያነሳ የለም።

ባለፈው ማክሰኞ ከተረገጡት የአንዱን ጠጉር ቀይ መቀባት ስጀምር እጄን አፈፍ አደረጉት።

«አጥፋው! ቀዩን አጥፋው!»

«ምነው እትዬ?»

«የኡትስዬ ጠጉር ቀይ ነበር። በየቀኑ የምመላለሰው ለምን መሰለህ? እዚያ ታች፣ ከተረገጡት መሃል እንዳይኖር ብዬ ነው።»

ጠጉሩን በጥቁር ሸፈንኩና ሌላ ሥዕል ሳብኩ፤ መልአኩ የዳኑትን ግንባር በመስቀል የሚያትምበትን። ቀለም ነፍስ እንደማያድን አላጣሁትም። ሆኖም ከተንበረከኩት መካከል አንዱን ጎረምሳ መርጬ ጠጉሩን ቀይ ቀባሁት።

እትዬ ኩኒጉንድ ጎንበስ ብለው ጎረምሳውን ከቅርብ አዩት።

«እንዲህ አበጥሮት አያውቅም» አሉ፣ አፍንጫቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ። «ትንሽ አንጨባርርልኝ።»

እኒህን አፈ እሬት ሴትዮ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ብሩሼን መልሼ ነከርኩና አንጨባረርኩላቸው።