እትዬ መቀስ እና ከፎቶ የወጡት ዘመዶች

በየባለጸጋው ቤት አንድ ንብረት ጠባቂና አንድ ፎቶ ጠባቂ አይጠፋም። ንብረት ጠባቂው ይሳሳታል፣ ይከስራል፣ ጊዜው ሲደርስም ይሞታል። ፎቶ ጠባቂዋ ግን ወይ ፍንክች! ፋብሪካው ተሸጦ፣ ልጆቹ በየአገሩ ተበትነው፣ እሷ አልበሟን ታቅፋ እዚያው ናት። እናንተም ታውቋታላችሁ። ለሰላምታ ብቅ ስትሉ፣ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ፣ አልበሙን ጭናችሁ ላይ ዘርግታ "እስቲ ይሄ ማነው?" ትላለች። አላውቅም ካላችሁ ተቀየመች። አውቃለሁ ካላችሁ ደግሞ ቀናችሁ አለቀ።

ከዚህ ወገን ግን እትዬ መቀስን የሚያህል አልተፈጠረም። ስሙን ያወጡላቸው የእህትና የወንድም ልጆቻቸው ናቸው፤ በሌሉበት ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ! ክብርት እትዬ መቀስ የአንድ ስመ ጥር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ የሦስት ትውልድ ፎቶ፣ ደብዳቤና ውል በአሥራ አራት የብስኩት ቆርቆሮ ከተው በላዩ ላይ ነግሠው ኖረዋል።

ንግሥናቸውን ያናጋው የቤቱ መሸጥ ነው። ቁልፉ ዓርብ ለገዢው ይሰጣል። እሳቸው የሚገቡት የእህታቸው ልጅ ጋ ሲሆን፣ እዚያ ደግሞ ከአልጋቸው ሌላ አንድ ቆርቆሮ የሚያሳርፍ ቦታ የለም። ስለዚህ ወይ የድሮ ሰነድ የሚሰበስበው የከተማው መዝገብ ቤት ሁሉንም ይረከባል፣ ወይ ሁሉም ከአሮጌው ምንጣፍ ጋር ቆሻሻ መኪና ላይ ይጫናል። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊም በደብዳቤ ቁርጡን ተናግረዋል፦ የፋብሪካው ምርቃት ፎቶ ሙሉ ከሆነ ስብስቡን እንረከባለን፤ ካልሆነ መደርደሪያ የለንም።

ለርክክቡ የተላከችው ባለሙያ አሥራ ስምንት ዓመት በነጭ ጓንትና በእርሳስ የሠራች፣ ስሜትም እንደ አቧራ ወረቀት ይጎዳል ብላ የምታምን ሴት ናት። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ከፈተች። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ስድስት ሰዎች በር ላይ ቆመዋል። ከወጣቷ እትዬ መቀስ አጠገብ ሰባተኛው ሊቆም በሚችልበት ቦታ፣ ሰው የሚያህል ቀዳዳ አለ።

"እዚህ ጋ ማን ነበር?" አለች።

"ማንም።"

"ግን እኮ ተቆርጧል…"

"ማንም አልነበረም አልኩሽ!"

"እሺ፣ ትከሻዎ ላይ ያለው እጅስ?"

እትዬ መቀስ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እጁን መረመሩት። "ኧረ ተይኝ፣ እሱ አምልጦኝ ነው!" አሉና መቀሳቸውን ለማምጣት ተነሡ። ባለሙያዋ ቀደመቻቸው። መቀሱን ከጠረጴዛው አንሥታ ከጓንቶቿ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከባለንብረት ቤት ዕቃ ስትወስድ የመጀመሪያዋ ነው።

እስከ ማታ ሕጉ ገባት። ከእትዬ መቀስ ጋር የተጣላ ከፎቶ ይወጣል። የወጣው ወደ አንድ ትልቅ ቡናማ ፖስታ ይገባል። ይቅርታ ከጠየቀ በዱቄት ሙጫ ተለጥፎ ወደ ቦታው ይመለሳል። በጀርባው ላይ "ወጣ"፣ "ገባ" ተብሎ ከነቀኑ ተጽፏል። አንዲት የአጎት ልጅ አራት ጊዜ ወጥታ አራት ጊዜ ገብታ፣ በሙጫ ብዛት ከቤተሰቡ ሁሉ ወፍራለች። አንድ አማች ደግሞ በማያውቀው ሰርግ ላይ ከማያውቃት ሙሽራ ጎን ቆሟል።

"ይሄ ሰውዬ እዚህ ምን ይሠራል?"

"ይቅርታ ሲጠይቀኝ ከየት እንዳወጣሁት ጠፋኝ። ቦታ ያለበት አስገባሁት። ምን ጎደለበት? ሰርግ ነው፣ ይጫወት!"

ውልም አይምሩም። የአባታቸው ሸሪክ የነበሩ ነጋዴ በአንድ ወቅት ሰላምታ ነፍገዋቸው ኖሮ፣ ፊርማቸው ከሦስት ውል ላይ ተቆርጦ ፖስታው ውስጥ ተገኝቷል።

ረቡዕ ዕለት ባለሙያዋ እርሳሷን አስቀመጠች። "እትዬ፣ ዓርብ መኪናው ሲመጣ የተጣሏቸውን ለይቶ አይጭንም። ሁሉንም ነው የሚወስደው" አለች።

እትዬ መቀስ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። አጠቃላይ ምሕረት ታወጀ ማለት ነው! ሁለት ቀን ሙሉ ባለሙያዋ በወረንጦ እያነሣች፣ እትዬ መቀስ "እሱ እዚያ አይደለም፣ እዚህ ነው!" እያሉ ሰባ ዘመድ አስገቡ። ፖስታው ባዶ ሆነ። የምርቃቱ ፎቶ ላይ ግን፣ አባትየው ሪባን ሲቆርጡ፣ ከክንዳቸው ሥር የአንድ ሕፃን ፊት የሚያህል ቀዳዳ ቀረ።

"ታናሽ ወንድሜ ነው" አሉ እትዬ መቀስ ሳይጠየቁ። "አድጎ፣ ሰው ሆኖ፣ ለአባታችን ቀብር ሳይመጣ ቀረ። ከቀብሩ ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነ።"

"ፊቱስ?"

"ጣልኩት።"

ዓርብ ጠዋት የእህታቸው ልጅ ከቆሻሻ መኪናው ጋር ደረሰ። "አክስቴ፣ ሰውየው እየጠበቀ ነው፤ በቃ እንሂድ" አለ። ባለሙያዋ ቅጿን አውጥታ በምርቃቱ ፎቶ አንጻር "ጎዶሎ" ብላ ጻፈች። ከዚያች ቃል በኋላ ምን እንደሚሆን ታውቃለች።

እትዬ መቀስ ቃሏን አነበቧት። የእጅ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ከመሐረብ ውስጥ ሌላ መሐረብ፣ ከዚያ ውስጥ ደግሞ አውራ ጣት የማይሞላ የልጅ ፊት አወጡ። ጠርዙ ከመነካት ብዛት ነጥቷል።

"ጣልኩት አላሉኝም?"

"ታዲያ ፖስታው ውስጥ ከነዚያ ወሬኞች ጋር ልክተተው?" ብለው ተቆጡ። "ይቅርታ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ስፈልገው እንዳላጣው ብዬ ነው።"

"መጣ?"

"ሞተ እንጂ! ሞኝ። ቢደውል እኮ ይበቃኝ ነበር። እኔም ብደውል ይበቃ ነበር።"

ፊቱን ራሳቸው ለጠፉት። ልጁ ከአባቱ ክንድ ሥር ሆኖ ሪባኑን ማየት ቀጠለ። ባለሙያዋ "ጎዶሎ"ን በላጲስ አጠፋች፤ መኪናው ምንጣፉን ብቻ ይዞ ሄደ። እትዬ መቀስ ግን ቦርሳቸውን ከፍተው ወደ ውስጥ እያዩ ከወንበራቸው አልተነሡም።

"ጉርድ ፎቶ ይዘሻል?" አሉ በመጨረሻ።

ባለሙያዋ ለመታወቂያ ከተነሣችው አንዲት ትርፍ ነበረቻት። አውጥታ ስትሰጥ ግራ ገባት። "እኛ እኮ አልተጣላንም፣ እትዬ።"

"ቆይ፣ ገና እንጣላለን" አሉና በመሐረቡ ጠቀለሏት።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። ባለሙያዋ ማንነታቸው ያልታወቀ ፊቶችን ላስለይ እያለች ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ ትሄዳለች፤ ያልታወቀ ፊት ግን አንድም አልቀረም። አንድ ቅዳሜ ከቀረች ስልኳ ይጮኻል። "አንቺ ልጅ፣ መቀሴን መቼ ነው የምታመጪው?" ይሏታል።

እሷም በሚመጣው ቅዳሜ ትላለች፤ እስካሁን አልመለሰችም።