ሁሉን ነገር ከጦርነቱ ማግሥት የሚጀምሩት ጋሼ ገብረመድኅን

በየሰፈሩ ነገርን ከሥር መሠረቱ ካላስረዳ የማይለቅ አንድ ሰው አለ። ከሌለ ሰፈሩ ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። የእኛ የካስልሪጅ ሰፈርተኞቹ ሊቀ ሊቃውንት ጋሼ ገብረመድኅን ናቸው። አዲስ አበባ ታሪክ ያስተምሩ ነበር፤ ካናዳ፣ ካልገሪ መጥተው በአንድ የነዳጅ ኩባንያ ላቦራቶሪ ውስጥ ብልቃጥ ያጥቡ ነበር። የነዳጅ ዋጋ ወድቆ ሌይኦፍ ተብለው ከሥራ ሲቀነሱ ልናጽናናቸው ሄደን ሁለት ሰዓት ተምረን ተመለስን።

"ነገሩ የሚጀምረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ነው" ይላሉ። ያኔ አሜሪካኖች ሳይንስን ማን ይምራው ብለው ተከራከሩ። አንዱ ወገን "መንግሥት ይክፈል፣ ተመራማሪው ግን የፈለገውን ያጥና" አለ። ተቃዋሚው "ሕዝብ እየከፈለ ሕዝብ የማይጠየቀው ለምንድን ነው?" አለ። ክርክሩ አምስት ዓመት ፈጀ። ጋሼ ሲያወሩትም ያንኑ ያህል ነው።

ባለቤታቸው እትዬ አፀደ ከተቃዋሚው ወገን ናቸው። "መጀመሪያ ጉልበቴን የሚያድን ነገር ያጥኑ!" ሲሉ፣ ጋሼ ብድግ ብለው "ለክብርት ተቃዋሚያችን ዕድል ይሰጥ" ይላሉ።

ልጄ ሮሚም ከነዳጅ ሥራዋ ተቀነሰች። ኦኮቶክስ የምትባል አጠገባችን ያለች ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ የሺፍት ሥራ አገኘች። በዚያው ሳምንት ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ኢንተርቪው ጠራት፤ የምታጠናው የዛፍ ሽበት፣ ያን ቅርፊት ላይ የሚበቅለውን ግራጫ ነገር ነው።

"የዛፍ ሽበት የቤት ሬንት ይከፍላል እንዴ?" አልኳት።

"ዳዲ፣ ላይክ፣ በጣም ነው የምፈልገው" አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

በኢንተርቪው ቀን መኪናዬ በብርዱ አልነሣ አለች። ጋሼ ወሰዱን። መንገዱን ሙሉ ስለ ጦርነቱ ማግሥት ሲያወሩ ከአውራ ጎዳናው መውጫው ሁለቴ አለፋቸው። አንድ ደቂቃ ሲቀረን ደረስን።

ሮሚ ስትወጣ ትስቃለች። "'ሕዝብ ለምን ለዛፍ ሽበት ይከፍላል?' አሉኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ሁሉ ነገርኳቸው። ከዚያ 'ተቃዋሚዎቹም ልክ ናቸው፣ ያገኘሁትን እትዬ አፀደ በሚገባቸው ቋንቋ አስረዳለሁ' አልኳቸው። ወደዱት!"

በሁለት ሳምንቱ ተቀበሏት። በኢንተርቪው ቀን ግን ስንመለስ ጋሼ መነጽራቸውን ጠርገው ዝም አሉ። አንድ መብራት አለፍን፣ ሁለት አለፍን፣ ቃል የለም። እንዲህ ያለ ዝምታ ከእሳቸው ሰምቼ ስለማላውቅ ጨነቀኝ።

"ጋሼ" አልኩ በመጨረሻ፣ "ክርክሩ ግን እንዴት አለቀ?"

ፊታቸው በራ። ዳር ይዘው ፓርክ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ቀበቶዬን ፈትቼ ተመቻቸሁ።