ኬላ የሚታለፍበት ሰዓት

ሰው አላውቅም ለማለት የሚያፍርበት ነገር ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን ጊዜ ነው። መቼ እንደሚዘንብ፣ መቼ እንደሚዘራ፣ መቼ አለቃ ፊት ቀርቦ ፈቃድ እንደሚጠየቅ የማያውቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። በደርግ ጊዜ ደግሞ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ መሪ የጨበጠ ሁሉ አንድ ተጨማሪ እውቀት ነበረው፤ ኬላ በስንት ሰዓት እንደሚታለፍ።

ኬላ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለት እንጨት ተተክሎ ገመድ ተወጥሯል፣ አጠገቡ አንዲት የቆርቆሮ ጎጆ አለች፤ በቃ። እህል ያለ ፈቃድ፣ ሰው ያለ ይለፍ ወረቀት አያልፍም። እኛ ሾፌሮች በዚያ ገመድ ላይ የተመራመርነውን ያህል ሊቃውንቱ በመጽሐፍ ላይ መመራመራቸውን እጠራጠራለሁ። አንዱ ማለዳ ነው ይላል። ሌላው የገበያ ቀን ነው፣ ግርግሩ ይሸፍንሃል ይላል። ሦስተኛው ዝናብ ሲጥል ፈታሽ ከጎጆው አይወጣም ብሎ ሞከረና፣ እውነትም ፈታሹ አልወጣም፤ ገመዱም አልወረደም።

የእኔ ግኝት ከሁሉም የረቀቀ ነበር። የኬላው ኃላፊ ጓድ አንዳርጌ ይጾማል። ያን ጊዜ ጓድ የተባለ ሰው መጾሙ በአደባባይ የሚነገር ነገር አልነበረም። ስለዚህ በሁዳዴ የበላይ አካል መኪና ብቅ ሲል ጓድ አንዳርጌ ዳቦ በእጁ ይዞ ይታያል። ሲጎርስ ያየው ግን የለም፤ ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና የሚይዘው ያንኑ አንድ ዳቦ ነው የሚሉም ነበሩ። እንግዲህ አብረን እናስላ። የተራበ ፈታሽ ክፉ ነው፤ የጠገበ ፈታሽ ደግ ነው። ጾም የሚፈታው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስለዚህ በሁዳዴ ኬላ የሚታለፈው ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። ይህን ምሥጢር ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ ስኮራበት ኖርኩ።

በአንዱ ሁዳዴ ባለቤቴ ዓለምነሽ የመጀመሪያ ልጃችንን ወለደች። ልጁ ደህና ነው፤ እሷ ግን እህል እምቢ አለች። የጎረቤት ሴቶች ገንፎ አገንፍተው ቢለምኗት፣ ቢቆጧት፣ አንዴ ቀመስ አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እናቴ ትምጣልኝ። በሦስተኛው ቀን ከንፈሯ ነጣ፤ ልጁን ለማንሳት እጇ ከዳት። ፈራሁ። ቀልድ የለበትም፣ በጣም ፈራሁ።

አለቃዬ እግዜር ይስጣቸው፣ ቡሬ የግድ መድረስ ያለበት ደብዳቤ ፈልገው አገኙልኝ። የመሥሪያ ቤቱን ላንድሮቨር አስነሥቼ ሄድኩ።

አማቴ ወይዘሮ ይመኙሻል የሚኖሩት ከቡሬ ወጣ ባለች መንደር ነው። የገብስ ዱቄት በስልቻ፣ ቅቤ በቅል፣ ለራሳቸው ስንቅ ደግሞ በሶ በከረጢት ይዘው ደጅ ቆመው ጠበቁኝ። ይለፍ ወረቀትም አላቸው። ፊርማ አለው፤ ማኅተም የለውም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ማኅተሙን ቆልፎበት ስብሰባ ሄዷል። ጓድ አንዳርጌ በባዶ ሆዱ ይህን ቢያይ ምን እንደሚሆን አሰብኩት፤ ዱቄቱ ይወረሳል፣ አማቴ ወደመጡበት ይመለሳሉ፣ ዓለምነሽም እንደተራበች ትቀራለች።

ሦስት ሰዓት ላይ ተነሥተን፣ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ኬላው ቁልቁል የሚታይበት ጉብታ ላይ ደረስን። መንገዱ ጭር ብሏል። ገመዱ ሥር አንድ መኪና የለም። ሌላ መሃይም ሾፌር ቢሆን ዝም ብሎ ይነዳ ነበር። እኔ ግን እውቀት አለኝ! አንድ ሾላ ሥር ጥግ ይዤ ሞተር አጠፋሁ። እማማ ምን ተፈጠረ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ሰዓቱ ገና ነው አልኳቸው።

«አንተ ታውቃለህ ልጀ» አሉና ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ከፍ አደረጉ።

አማትና አማች በእኛ አገር እንደልብ አያወሩም። እህልማ አንዱ በሌላው ፊት ጭራሽ አይቀምስም። ካገባሁ ሁለት ዓመት ሲሞላ የአማቴን አገጭ አይቼ አላውቅም። እንግዲህ ከዚህች ሴት ጋር አንድ ሾላ ሥር አራት ሰዓት ተኩል መቀመጥ ምን እንደሚመስል ፍረዱ። የመጋቢት ፀሐይ ቅቤውን ማቅለጥ ጀመረች። ጥላው በዞረ ቁጥር እማማ ቅሉን አቅፈው አብረውት ይዞራሉ።

አንድ ጊዜ ዓለምነሽ ምን ቀመሰች ብለው ጠየቁኝ። ምንም አልኳቸው። በአገውኛ ለራሳቸው የሆነ ነገር አጉረመረሙ፤ ቋንቋውን አለመቻሌ ጠቀመኝ። ቆይተው ግን፣ መሬት መሬቱን እያዩ፣ ልጅ ሳለች ታማ እሳቸው ካላጎረሷት አልውጥም ትል እንደነበር ነገሩኝ።

«እኔ ነኝ ያስለመድኋት። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

ተነሥተን እንሂድ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ታዲያ ሊቅ ሰው እንዴት አድርጎ ከሊቅነቱ ይመለሳል?

ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። እማማ በሶ አላቸው፤ እኔ ወንበሬ ሥር ዳቦ አለኝ። እንዲቀምሱ ብዬ ከመኪናው ጀርባ ዞር አልኩላቸው። እሳቸው ደግሞ ልበላ የሄድኩ መስሏቸው ፊታቸውን አዙረው፣ በእጃቸው ምንም ሳይነኩ ጠበቁኝ። ተያይዘን ጾማችንን ዋልን።

ልክ ዘጠኝ ተኩል ላይ ወደ ኬላው ወረድኩ። ጉድ ነው! ከየት መጡ ሳይባል የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ የየመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ገመዱ ፊት ተሰልፏል። ለካ በየጥምዝዙ፣ በየዛፉ ሥር አንድ አንድ ሊቅ ተቀምጦ ኖሯል። በማለዳ የሚምለው ሾፌር እንኳ ከፊቴ ቆሟል። መስኮቴ ድረስ መጥቶ፣ ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ፣ ጓድ አንዳርጌ እንደሚጾም በሹክሹክታ ነገረኝ።

የጠገበ ፈታሽ ግን የለም። ጓድ አንዳርጌ እንደዚያ ቀን ከፍቶ አያውቅም። ቅያሪ ጎማ አስወርዶ ይፈትሻል፤ ከአውቶቡሱ ላይ በርበሬ አስወረደ፤ አንድ ቄስ ጥምጣማቸውን ሊያስፈታቸው ምንም አልቀረው። አሥራ አንድ ተኩል ሆነ። ከፊታችን ገና አምስት መኪና አለ። አሥራ ሁለት ላይ ገመዱ ይታሰርና እስከ ነገ አይፈታም። ከወደፊት ደግሞ ዛሬ ቀደም አድርጎ ሊያስረው ነው የሚል ወሬ መጣ። ዓለምነሽ ሌላ ሌሊት እንዴት ታድራለች? መሪው ላይ ግንባሬን ደፋሁ።

ቀና ስል እማማ ወርደዋል። ነጠላቸው ከአፍንጫቸው ወርዶ ትከሻቸው ላይ ነው። የበሶዋን ከረጢት ይዘው ሰልፉን እየሰነጠቁ ይሄዳሉ። ተከትዬ ሮጥኩ። ወረቀቱን ዘርግተው ሊለምኑ ነው ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን የሰውየውን ፊት ብቻ አዩት።

«ልጀ፣ ይች በሶ ለሸክም ከበደችኝ። አሮጊት ነኝ፤ ብታቀልልኝ ምን አለበት?»

ስለ ጾም አላነሡም። መራቡንም አልነገሩትም። ጓድ አንዳርጌ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሊቀመጥ ሲል መኪና እንደ ውኃ ሙላት እንደመጣበት፣ ከዚያ ወዲህ አረፍ እንዳላለ ነገራቸው። ለካስ ሰውየውን ጾሙን እንዳይፈታ ያደረግነው፣ ጾሙን እስኪፈታ የጠበቅነው እኛው ነን!

እማማ ከጎጆው ጀርባ ወስደው በሶውን በጣሳ በጠበጡለት። እሱ ሲጠጣ፣ ሰልፉ እንዳያየው ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ቆሙለት። ምን ተገኘ ብሎ ለጮኸው ሾፌር፣ ጓዱ ወረቀቴን እያየልኝ ነው አሉት።

ጓድ አንዳርጌ ጢሙን ጠርጎ ወጣ። ያኔ ነው ወረቀቱን ያየው፤ ማኅተሙ የት አለ አለ። እማማ ማኅተሙ ተቆልፎበት እንደቀረ፣ ልጃቸው አራስ መሆኗን፣ እህል እምቢ ማለቷን ነገሩት። በኩሯ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎን ሲሉት መኪናዬን ከሰልፉ አስወጥቶ ገመዱን በገዛ እጁ አወረደ።

የእኔ ምላስ መቼ ያርፋል? ሳልፍ፣ ለመሆኑ ኬላው በስንት ሰዓት ይሻላል አልኩት። ከዘጠኝ በፊት አቅም እንደሌለው፣ ጎጆው ውስጥ ጋደም ብሎ የገመዱን ጫፍ እንደሚይዝ፣ ጥሩንባ የነፋውን ሁሉ ሳያይ እንደሚለቅ ነገረኝ።

እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ወደ እማማ ዞሬ ለማየት አፈርኩ። አንድ የቁጣ ቃል ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ቅቤው ቀልጦ መድረሱ ደግ ነው፣ ማቅለጥ ቀረልን አሉኝ።

ዓለምነሽ የእናቷን ድምፅ ከአጥሩ ስትሰማ ተነሥታ ተቀመጠች። ገንፎው ተገነፋ፤ እማማ አልጋው ጫፍ ላይ ሆነው አጎረሷት። ዋጠች። ደገሙላት፤ ዋጠች። ጎረቤቶቹ እንዳይሰበርባቸው የፈሩት ነገር ያለ ይመስል ትንፋሽ አላሰሙም። ሳህኑ ሲራቆት፣ ከንጋት ጀምሮ እህል ያልቀመሱት አማቴ፣ እንባቸውን ጠርገው፣

«እፎይ፤ አሁን ጠገብሁ» አሉ።

እኔም እንባዬ መጣ። እኔም ጠገብኩ ልል ፈለግኩ፤ ከልቤም ነበር። ሆዴ ግን፣ ያ ሁሉ ሴት ፀጥ ያለበትን ያችን ደቂቃ መርጦ፣ በአማቴ ፊት ጮኸ።