ከቀረጡ በፊት የመጨረሻው ፍሪጅ

[ሰቆጣ። ከዕቁቡ ዳኛ ከመምሬ አሥራተ ማርያም ግቢ ወደ ሱቆቹ የሚወርደው መንገድ። የዕቁብ ዕጣ አሁን ወጥቶ ሰው እየተበተነ ነው። ዕጣው የወጣለት ካሤ ከሰቆጣ ዙሪያ የመጣ ገበሬና ንብ አርቢ ነው፤ ብሩን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ጋቢው ውስጥ ወሽቆታል። የእህቱ ባል፣ ልብስ ሰፊው ትእዛዙ፣ ከኋላው አልለቅ ብሎታል።]

ትእዛዙ፦ ቁም እንጂ፣ አሁንም አልገባህም። ቀረጥ ማለት ዕቃ ከውጭ አገር ሲገባ የሚከፈል ነው፤ እሱ ሊጨመር ነው።

ካሤ፦ እሱማ ገብቶኛል። ያልገባኝ ፍሪጁ ነው።

ትእዛዙ፦ ፍሪጁ ምን ሆነ?

ካሤ፦ ዘመነ ሱቅ ውስጥ ነው ያለው አላልከኝም?

ትእዛዙ፦ አዎ። በላስቲክ እንደተጠቀለለ ቆሟል። በከተማው የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ካሤ፦ ታዲያ ሰቆጣ ገብቷላ። ከዚህ ወዲያ ወዴት ይገባል?

ትእዛዙ፦ [በረዥሙ ተንፍሶ] የሚገባው ፍሪጁ አይደለም፣ ዋጋው ነው።

ካሤ፦ ዋጋው ከየት ነው የሚመጣው?

ትእዛዙ፦ ከወደብ ነዋ።

ካሤ፦ ከወደብ እዚህ ድረስ፣ በዚህ መንገድ? ይቆያል እንግዲህ። አበርገሌ ያለው ዘመዴ የላከልኝ ማሽላ እንኳ እስካሁን አልደረሰም።

ትእዛዙ፦ ዋጋ መኪና አይጠብቅም፣ ወሬ ተከትሎ ነው የሚመጣው። ወሬው ትናንት ከደረሰ ዋጋው ዛሬ ደርሷል።

ካሤ፦ ወሬውን ማን አመጣው?

ትእዛዙ፦ [ኮሌታውን እያስተካከለ] እኔ ነኝ። በዚህ ከተማ ከእኔ ቀድሞ የሰማ ሰው የለም። እድር ላይ ተነስቼ ተናገርኩ፤ ሰንበቴ ላይ ተናገርኩ፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ሁሉ ሳልነግር አልሸኘሁም።

ካሤ፦ ለዘመነስ?

ትእዛዙ፦ ለእሱማ መጀመሪያ። ነጋዴ ሆኖ ምንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም እኮ። አፉን ከፍቶ ነው የሰማኝ።

ካሤ፦ ከዚያስ?

ትእዛዙ፦ ከዚያማ እዚያው ቆሜ ሳለሁ ዋጋውን ጨመረ። አየህ፣ ያልኩት ደረሰ።

ካሤ፦ [ራሱን እየነቀነቀ] ትንቢት ነው።

ትእዛዙ፦ ፍሪጁ ብቻ መሰለህ? ቴሌቪዥኑም፣ ሶፋውም፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑም እጥፍ ነው የሚሆነው።

ካሤ፦ ማጠቢያው ውሃ ይፈልግ የለም? ውሃውም ይጨምራል?

ትእዛዙ፦ ውሃው የአገር ውስጥ ነው፣ ቀረጥ የለበትም።

ካሤ፦ የአገር ውስጥ ከሆነ ታዲያ ቧንቧው ጋ ለመድረስ ለምን እንዲህ ይቆያል?

ትእዛዙ፦ ወደ ሌላ አትውሰደኝ። የምልህ ይሄን ነው፤ የዛሬውን ዕጣ ለእኔ ልቀቅልኝ። የእኔ ሲወጣ አንተ ትወስዳለህ። አንተን ምንም የሚያስቸኩልህ የለም። እኔ ግን ዛሬ ካልገዛሁ ነገ የምቀምሰው አይደለም።

ካሤ፦ እንዲህ ነው? እንግዲያ ዛሬ ብር በእጁ ያለ ሰው፣ ብልህ ከሆነ፣ ምን ያደርጋል?

ትእዛዙ፦ ሮጦ ይገዛል።

ካሤ፦ [ፌስታሉን ከጋቢው አውጥቶ እያየ] ብሩ ያለው እኔ እጅ ነው።

ትእዛዙ፦ እ…

ካሤ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ አማቼ። ባትነግረኝ ተበልቼ ነበር። የዘመነ ሱቅ በዚህ በኩል ነው?

ትእዛዙ፦ [ጋቢውን ይዞ] ቆይ፣ ቆይ። አንተ ፍሪጅ ምን ያደርግልሃል?

ካሤ፦ ለአንተስ ምን ያደርግልሃል?

ትእዛዙ፦ ያቀዘቅዛል።

ካሤ፦ ብርዱንማ በጋቢም አልቻልነው።

ትእዛዙ፦ ምግብ ያቆያል። የተረፈው አይበላሽም።

ካሤ፦ የሚተርፍ ምግብ አላችሁ?

ትእዛዙ፦ ፍሪጁ ሲኖር ይተርፋል።

ካሤ፦ [በመገረም] እንዲህ ያደርጋል? እንዲያማ ከሆነ አልተወውም።

ትእዛዙ፦ ኧረ በማርያም፣ እናንተ መንደር መብራት የለም እኮ።

ካሤ፦ ምሰሶው ቆሟል። ሽቦው ነው የቀረው።

ትእዛዙ፦ ምሰሶው ከቆመ ስንት ጊዜው ነው?

ካሤ፦ ቁራ ሁለት ጊዜ ፈልፍሎበታል።

ትእዛዙ፦ አየህ። ደግሞ የሥጋ ዘመድህ ሆኜ ልምከርህ። ይሄ ቀረጥ የሚሉት ነገር ወሬ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ካሤ፦ ወሬ?

ትእዛዙ፦ አንዱ ይጨመራል ይላል፣ ሌላው ቀርቷል ይላል፣ ማን ያውቃል? እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። ዝም ብሎ የቆየ ሰው በግማሽ ዋጋ ይገዛዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማህም?

ካሤ፦ ሰምቻለሁ። በል ተወው፣ አልገዛም።

ትእዛዙ፦ ጎሽ። አሁን ሰው ሆንክ።

ካሤ፦ አንተም አትግዛ።

ትእዛዙ፦ እኔማ…

ካሤ፦ እህቴን ያገባህ ሰው ለምን በውድ ትገዛለህ? ዕጣህ እስኪወጣ ታገስ፤ ያኔ ዋጋውም ይወርዳል።

ትእዛዙ፦ ለእኔ ይጨምራል።

ካሤ፦ ለእኔስ?

ትእዛዙ፦ ለአንተ ይቀንሳል።

ካሤ፦ [ጥቂት አስቦ] በአማርኛ ስለነገርከኝ ይሆናል የጠፋብኝ። እስቲ በኽምጣና ድገምልኝ።

ትእዛዙ፦ በኽምጣናም ያው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት ለአንተ ነው። ልቀቅ ስትባል ልቀቅ።

[ካሤ ፌስታሉን መልሶ ጋቢው ውስጥ ወሽቆ መንገዱን ይቀጥላል። ትእዛዙ ትንሽ ቆሞ ይቀርና ተከትሎ ይደርስበታል። ድምፁ ተለውጧል።]

ትእዛዙ፦ አያ ካሤ።

ካሤ፦ አቤት። "አያ" ከተባልኩ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ትእዛዙ፦ ቀብድ ከፍያለሁ።

ካሤ፦ ለዘመነ?

ትእዛዙ፦ ባለፈው ሳምንት። ቀሪውን ዛሬ ሱቁ ሳይዘጋ ካላመጣሁ ቀብዱ ይቀልጣል፣ ፍሪጁም ለሌላ ይሸጣል። ውሉ እንዲህ ነው።

ካሤ፦ ይቅለጣ። በገዛ ገንዘብህ ማን ይቆጣሃል?

ትእዛዙ፦ [ግራ ቀኙን አይቶ] የእኔ አይደለም።

ካሤ፦ የማን ነው?

ትእዛዙ፦ የሚስቴ የባንቺ ነው። ለቆርቆሮ ያስቀመጠችው።

ካሤ፦ የእህቴን?

ትእዛዙ፦ ጣራው እንደሚያፈስ ታውቃለህ። ክረምት ሳይገባ ልታድሰው ነበር። እኔ ደግሞ ዛሬ ዕጣው ለእኔ እንደሚወጣ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ከዕቁቡ ላይ አንስቼ ሳታየኝ ቦታው ልመልሰው ነበር።

ካሤ፦ እንደሚወጣልህ በምን አወቅህ?

ትእዛዙ፦ ታውቆኝ ነበር።

ካሤ፦ እንደ ቀረጡ?

ትእዛዙ፦ አታሹፍብኝ፣ አያ ካሤ። ልጆቹ የሚተኙት በሚያፈስበት በኩል ነው። አምና ባንቺ ክረምቱን ሙሉ ከየጠብታው ሥር ሳህን ስትደቅን ነው የከረመችው፤ ትንሹ ደግሞ ሲያስል ከረመ። ገንዘቡ እንደሌለ ያወቀች ቀን ልጆቹን ይዛ ፃግብጂ እናታችሁ ቤት ነው የምትገባው። ፈርቻለሁ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ፈርቻለሁ።

ካሤ፦ [ፊቱን አጥቁሮ] ይሄን ስታደርግ አላፈርክም?

ትእዛዙ፦ አፍሬያለሁ። ቀረጡ ስላጣደፈኝ ነው እንጂ ቀደም ብዬ አፍር ነበር።

[ካሤ ሳቁን ለመያዝ ይመስላል፣ ወደ ተራራው ዞሮ ጥቂት ይቆያል።]

ካሤ፦ በል እሺ። ለቅቄልሃለሁ።

ትእዛዙ፦ እውነትህን ነው? እግዚአብሔር ውለታህን ይክፈልህ። በደረቅ እጄ አልቀበልህም፤ ጓሮ የታሰረውን ሙክት እጨምርልሃለሁ።

ካሤ፦ እሱ የባንቺ አይደለም እንዴ?

ትእዛዙ፦ ባልና ሚስት አንድ ነው።

ካሤ፦ እሺ። የአንተ ዕጣ ሲወጣም የእኔ ነው።

ትእዛዙ፦ የአንተ ነው። ለመምሬ አብረን ሄደን እንነግራቸዋለን።

[ካሤ ፌስታሉን ይሰጠዋል። ትእዛዙ እየሮጠ ዘመነ ሱቅ ይገባል። ካሤ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ትእዛዙ ባዶ እጁን፣ ደረቱን ነፍቶ ይወጣል።]

ትእዛዙ፦ አለቀ። ትንሽ ጨምሮብኝ ሁሉንም ወሰደው፣ ግድ የለም። እንግዲህ ቀረጡ እንደፈለገ ይምጣ። አየህ ካሤ፣ ሰው ማለት አስቀድሞ የሚያስብ ነው። አንተ ዕጣ ወጥቶልህ ባዶ እጅህን ልትገባ ነው።

ካሤ፦ "አያ" ቀረች?

ትእዛዙ፦ ምን?

ካሤ፦ ምንም። እስቲ ዘመነን ሰላም ብዬው ልምጣ።

[ካሤ ይገባል። ወዲያው ያንኑ ጥቁር ፌስታል ይዞ ይወጣል።]

ትእዛዙ፦ ይሄ ፌስታል…

ካሤ፦ ያው ነው።

ትእዛዙ፦ አሁን ለዘመነ የከፈልኩት?

ካሤ፦ የድለላውን ቀንሶ ቀሪውን ሰጠኝ።

ትእዛዙ፦ የምን ብሎ ነው የሚሰጥህ?

ካሤ፦ የፍሪጄን።

[ትእዛዙ ካሤ ተቀምጦበት የነበረው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል።]

ካሤ፦ ልጄ ሠርካለም ናት ከዓረብ አገር ስትመለስ ያመጣችው። መብራት ሊገባልን ነው ብለን ነግረናት ነበር። የገብስ ዘር አስቀመጥኩበት፤ ነቀዝ አልደፈረውም፣ ጥሩ ዕቃ ነው። በኋላ እዚህ ለሽያጭ ባቆመው ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ። ዘመነ ቦታ ያዘብኝ፣ ውሰድልኝ እያለ ሲነዘንዘኝ ነው የከረመው። አንተ እድር ላይ ስለ ቀረጥ ከተናገርክ ወዲህ ነው ዝም ያለኝ።

ትእዛዙ፦ አዲስ ነው ብሎኝ ነበር።

ካሤ፦ አዲስ ነው። መብራት አይቶ አያውቅም።

ትእዛዙ፦ እና ያ ሁሉ ጥያቄ ማሾፍ ነበር? ዋጋው ከየት ነው የሚመጣው ያልከኝ?

ካሤ፦ እሱንስ ከልቤ ነው የጠየቅኩህ። ዋጋ ከየት እንደሚመጣ ዛሬ ነው ያየሁት።

ትእዛዙ፦ [ራሱን ይዞ] ይሁን። ይሁን፣ ሆነ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፣ አያ ካሤ። ለባንቺ እንዳትነግራት። ቀብዱን እንደምንም ሰፍቼ እመልሰዋለሁ።

ካሤ፦ ቀብዱማ ተመልሷል።

ትእዛዙ፦ ማን መለሰው?

ካሤ፦ ዘመነ ያኑ የከፈልክ ዕለት ለእኔ አመጣልኝ። የታሰረበትን ጨርቅ ሳየው የእናታችን መቀነት ቅዳጅ ነው። የባንቺ መሆኑን ያኔ አወቅሁ። ወስጄ በእጇ ሰጠኋት።

ትእዛዙ፦ ሳምንቱን ሙሉ ታውቃለች?

ካሤ፦ ታውቃለች።

ትእዛዙ፦ ራት አቅርባልኛለች እኮ። ስለ ቀረጡ ስነግራት ዝም ብላ ነበር የምትሰማኝ።

ካሤ፦ ሰምታሃለች። ባሌ ከቀረጡ በፊት ግዙ እያለ ነው ብላ በማግስቱ ቆርቆሮውን ገዝታ ጎረቤት አስቀመጠችው። ዛሬ አንተ ወደ ዕቁብ ስትወጣ አናጢው ጣራው ላይ ወጣ።



ትእዛዙ፦ እንግዲያ ልጆቹ ዘንድሮ አይረጥቡም።

ካሤ፦ አይረጥቡም።

ትእዛዙ፦ ተመስገን። ስለ ፍሪጁስ ምን አለች?

ካሤ፦ ይምጣ ብላለች።

ትእዛዙ፦ አልተቆጣችም?

ካሤ፦ ቁጣ አላየሁባትም። ደጁ ላይ ቆማ እየጠበቀችህ ነው። ከውጭ ወደ ቤቴ ለሚገባ ዕቃ ግን ቀረጥ አለበት ብላለች።

ትእዛዙ፦ [ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ] የምን ቀረጥ? ስንት ነው?

ካሤ፦ ለእኔ አልነገረችኝም። ሙክቱንም ገና ስላልሰማች ሳይጨምር አይቀርም።

ትእዛዙ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ካሤ፦ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ። [ፌስታሉን ጋቢው ውስጥ እየወሸቀ] ሁሉን ከሰው ቀድመህ የምትሰማ ሰው፣ ይሄን እንዴት ሳትሰማ ቀረህ?