ቆመው የሚጠግኑት ጋሼ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሚዛን ላይ ቢወጣ ስንት ይመዝን ይሆን? አንዱ ያቆመውን ግድግዳ ይቆጥራል፣ ሌላው የወለደውን ልጅ። ታዲያ ሌላው ሲሠራ ቆሞ እያየ ያረጀ ሰው ምኑ ይቆጠርለት?

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ጉድጓድ ይቆፈር፣ ጣሪያ ይመታ፣ ጎማ ይፈታ፤ ማን ጠራው ሳይባል ከተፍ ይላል። አንገቱን ዘመም ያደርጋል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያ መምከር ይጀምራል። ለሰፈራችን የሞተር ሳይክል ጋራዥ በዕጣ የደረሱት ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሹም ናቸው። ንግግራቸው ሁሉ «እኔ ብሆን» ብሎ ስለሚነሣ መካኒኩ በሌሉበት «ክቡር እኔ ብሆን»፣ ባሉበት ደግሞ «ጋሼ» ይላቸዋል።

ክቡርነታቸው ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሸሚዛቸውን አስተኩሰው፣ ሥራ ይገባሉ። በርጩማ ሲቀርብላቸው «አይ ልጄ፣ ሥራ ተቀምጦ አይሆንም» ይላሉ። በአሥር ደቂቃ የሚቀየር ካንዴላ በእሳቸው አመራር አርባ ደቂቃ ይፈጃል። የጎረቤት ቧንቧ ሠራተኛ አንድ ጊዜ ከሩቅ ሲመጡ አይቶ «ዕቃ ረስቻለሁ» ብሎ እንደወጣ በሳምንቱ ነው የተመለሰው።

መካኒኩ ሁሉንም ችሎ ኖሯል። የተፈተነው የአንዲት አዋላጅ ሞተር ሳይክል የመጣ ዕለት ነው።

የፊት ጎማውን ከሚሸከሙት ሁለት ሾኮች የግራው ዘይት ያፈስ ነበር። ዘይቱ የሾኩን የሚያብረቀርቅ ቱቦ ተከትሎ ይወርድና ፍሬኑን ያርሰዋል። ዘይት የጠጣ ፍሬን እንደ ሰካራም ዘበኛ ነው፤ አለ ስትለው የለም። አዋላጇ ደግሞ በዚያች ሞተር ቁልቁለት ወርዳ፣ ወንዝ ተሻግራ፣ ምጥ ለያዛቸው የምትደርስ ሴት ናት።

መካኒኩ ሾኩን ፈትቶ ዘይቱን የሚይዘውን የጎማ ቀለበት በአዲስ ሲቀይር፣ ክቡርነታቸው ከላይ ሆነው ይመሩ ነበር።

«እኔ ብሆን ብሎኖቹን በቁመታቸው እደረድራቸው ነበር።»

«እሺ ጋሼ።»

«እኔ ብሆን ዘይቱን ፀሐይ አሞቀው ነበር።»

«እሺ ጋሼ።»

«እኔ ብሆን ቱቦው ላይ ጥጥ አሳልፍበት ነበር።»

«እሺ ጋሼ።» በዚያ ጋራዥ «እሺ» ማለት «አልሰማሁም» ማለት ነው። ደግሞስ ከአርባ ምክር መሀል የትኛዋን ይስማ?

በሳምንቱ ሾኩ አፈሰሰ። መካኒኩ ቀለበቱን እንደገና ቀየረ። እንደገና አፈሰሰ። በሦስተኛው አዋላጇ ጉልበቷ ተልጦ፣ ሞተሯን እየገፋች መጣች።

«ወንድሜ፣ ቀለበት ነው የምትቀይረው ወይስ ስለት ነው የምታገባው? ቁልቁለቱ ላይ እኔ ፍሬኑን ያዝኩት፤ እሱ ግን እኔን አልያዘኝም!»

«ዕቃው ነው እኮ እህቴ፣ የዘንድሮ ቀለበት…»

«ዕቃው! ነገ ማለዳ ማዶ የምትጠብቀኝ መንታ ያረገዘች ሴት አለች። ምጥ ዕቃ እስኪመጣ አይታገሥም። ዛሬ ካልሆነልህ በእግሬ እሄዳለሁ፤ አንተም ይቺን ሞተር ሁለተኛ አታያትም።»

መካኒኩ ሾኩን ፈታ። ሦስተኛውን ቀለበት መዳፉ ላይ አድርጎ ፈዘዘ። ከላይ ድምፅ የለም። ቀና ብሎ ክቡርነታቸውን አያቸው።

«ጋሼ፣ ምነው ዛሬ ዝም አሉ?»

«ተናግሬ ነበር።»

«ምን ብለው?»

«ጥጥ።»

መካኒኩ ኩራቱን ዋጠና አዋላጇን ጥጥ ለመናት። ከቦርሳዋ ቆንጥራ ሰጠችው። ቱቦውን በጥጡ ከብቦ ቀስ እያለ ወደ ታች ሳበው። መሀል ላይ ሲደርስ አንዲት የሸረሪት ድር የምታክል ክር ተይዛ ቀረች። ዓይኑ ምንም አላየም፤ ጥፍሩን ሲያሳልፍ ግን አንዳች ነገር ያዘው። ጠጠር መትቶ የተዋት ጭረት ነበረች፣ ጠርዟ እንደ ምላጭ። ሾኩ በወረደ በወጣ ቁጥር አዲሱን ቀለበት ሁሉ ስትተለትል የከረመችው እሷ ናት። በቀጭን የብርጭቆ ወረቀትና በዘይት አለሰለሳት። ጥጡ ሳይያዝ አለፈ።

«ይሄን ከየት አወቁት ጋሼ?»

«ከየትም። መዝገብ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ስንጥር ነበረች፤ የሹራቤን እጅጌ እየያዘች ትመዘው ነበር። አለቃዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹ሹራብ ቀይር› ይለኝ ነበር።»

ማጋነን አይሁንብኝና፣ ከዚያ ወዲህ መካኒኩ ክቡርነታቸው ካልመጡ ትልቅ ሥራ አይጀምርም። ሦስት ሰዓት አልፎ ከቀሩ «አመማቸው እንዴ?» እያለ ደጁን ያያል። ስለ ብሎን አደራደር ሲመክሩት ዛሬም «እሺ ጋሼ» ይላል፤ ዛሬም አይሰማም። በሌሉበት «ክቡር እኔ ብሆን» ብሎ ሌላ ሰው የቀለደ እንደሆነ ግን መፍቻውን አስቀምጦ ቀና ይላል። መንታዎቹም በሰላም ተወልደው አሁን እየዳሁ ነው፤ ሾኩ ጠብታ አላፈሰሰም።

ያን ዕለት ግን እንዲህም ሆኖ ነበር። ሾኩ ተገጣጥሞ፣ ጎማው ገብቶ፣ የቀረችው ፍሬኑን የምትይዘው አንዲት ብሎን ነበረች። ክቡርነታቸው ከቆሙበት ዝቅ አሉ። በዚያ ጋራዥ ሲያጎነብሱ የታዩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እኔ ብሆን» አላሉም።

«ልጄ» አሉ፣ «ይቺን አንዷን እኔ ላጥብቃት?»

መካኒኩ ደነገጠ። «ኧረ በሞቴ ጋሼ! እኛ እያለን? እጅዎ ይቆሽሻል!»

«አይገባም አባቴ» አለች አዋላጇም፣ ክንዳቸውን ይዛ ቀና እያደረገቻቸው። ቤት አምፖል ሲቃጠል ልጆቻቸው፣ አጥር ሲዘም ጎረቤቶቻቸው የሚሏቸው ይህንኑ ነው፤ ሁሉም ከልብ በሆነ አክብሮት።

«ይታጠባላ» አሉ ክቡርነታቸው፣ ቀስ ብለው።

መካኒኩ ግን ብሎኗን አጥብቆ ጨርሷል።